ጣቱን ይዘህ ና

«ቀለበት ላሠራ ነበር» ስለው ወርቅ ሠሪው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ለሠርግ ነው?»

«አይ፣ ለጠመንጃ ነው።»

የያዘውን ጉጠት ቀስ ብሎ አስቀመጠና በሩን አየ። ከጎኔ የጆሮ ጌጥ ስትመርጥ የነበረች ሴትዮም ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ያልኩት ነገር እንዴት እንደሚሰማ የገባኝ ያኔ ነው። «የእንጨት ነው፣ የልጆች ድራማ ነው፣ የዓድዋ ነው» እያልኩ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። በሁለት ጣቱ አጉልቶ አየው። ከዚያ ሳቀ። እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ጣጣውን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤቱ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ለየካቲት 23 በሚያሳዩት ድራማ ዘማች ሆኖ ተመደበ። ለጓደኞቹ ጋሻና ጦር ተገኘላቸው። እሱ ግን «አንተ ጠመንጃ ከቤት አምጣ» ተብሎ መጣ። እህቴ መጀመሪያ የገዛችለት ብርቱካናማ አፈሙዝ ያለው የፕላስቲክ ክላሽ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ክላሽ የተፈለሰፈው ከዓድዋ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። «የምኒልክን ዘማች በክላሽ ልታዘምቺው ነው?» አልኳት። «እንግዲያው አንተ ሥራለት» አለችኝ። አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት?

ሥራዬ ሒሳብ ነው። እንጨት የቅዳሜ ሱሴ ነው። በረንዳችን ላይ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ትራፓኖ፣ ሁለት ሞረድ አሉኝ፤ በዚያ ላይ ብዙ ጉጉት። ቆይቶ ሲታየኝ ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ጉጉቱ ነው።

የመረጥኩት ውጅግራን ነው። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ይሉታል። ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ ባዚል ግራ የተባለው መኮንናቸው ነው። የእኛ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ውጅግራ ሆነ። ስናይደር ሰናድር እንደሆነው ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1874 የወጣ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ የሚያልፍ። በፈረንጆቹ 1886 ፈረንሳይ ሌበል የሚባለውን ጠመንጃ ስትታጠቅ ግራው አሮጌ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይወጣል፤ ባሕር ተሻግሮም ይመጣል።

ፎቶውን ከኢንተርኔት አውርጄ በትክክለኛ መጠኑ አራት ትልልቅ ወረቀት ላይ አሳተምኩት፤ በፕላስተር ቀጣጠልኩት። ወረቀቱን የዋንዛ ጣውላ ላይ ለጥፌ ቆረጥኩ፣ ላግሁ፣ ፈገፈግኩ። ዋንዛን የመረጥኩት ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ቶሎ ለእጅ ይገዛል። ለአፈሙዙ ቱቦ አልተጠቀምኩም። ሆን ብዬ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል የጦር መሣሪያ ሕግ ባለበት አገር፣ በከተማው እምብርት ቱቦ ሰደፍ ላይ አስሮ መዞር ጤነኛ ሐሳብ አይደለም። የእኔ አፈሙዝ ድፍን የመጥረጊያ እንጨት ነው። ጫፉን ብቻ ሁለት ሣንቲም ያህል ሰርስሬ ጥቁር ቀባሁት። ከሩቅ ሲያዩት ቀዳዳ ነው፤ ጣት ሲከቱበት ግን ወዲያው እንጨት ይነካሉ።

እንጨቱ እስከዚህ ድረስ ቀና ሄደልኝ። ጣጣው የመጣው ተቀጥላዎቹ ላይ ነው። አፈሙዙንና እንጨቱን አንድ ላይ የሚያስሩት ሁለቱ ቀለበቶች፣ በቀኝ በኩል ጣት መስሎ የሚወጣው ማቀባበያ፣ ምላጩና ምላጩን የሚከልለው ቅስት፣ ማነጣጠሪያው፣ ማንገቻው የሚታሰርበት ክብ። አንድ ጠመንጃ ጠመንጃ የሚመስለው በእነዚህ ነው። እነሱን ብታነሳቸው የቀረው ያልተለመደ ቅርጽ ያለው ዱላ ነው።

ወደ ወርቅ ሠሪው ልመለስ። ሱቁ ድሮ ፒያሳ መንገድ ዳር ነበር። በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ተነስቶ አሁን አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከነሐስ ሁለት ቀለበት እንዲሠራልኝ ነበር የሄድኩት። ስፋቱን በሚሊ ሜትር ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰልኝ።

«ጣቱን ይዘህ ና እንጂ ቁጥር አትንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ልኩ ትክክል ነው። ከፈረንሳይ መረጃ ላይ ነው የወሰድኩት።»

«ፈረንሳይ ናት የምታጠልቀው?»

ሙግቴን ሲያይ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሠራልኝ። በሦስተኛው ቀን ወሰድኩ። ቤት ገብቼ በአፈሙዙ በኩል ሳጠልቃቸው ቀጭን ሴት ያጠለቀችው አምባር ይመስል እየተንሸራተቱ ወረዱ። ጠመንጃውን ሳነቃንቀው ቃጭል ሆነ።

ልኩ ትክክል ነበር እኮ! ሜትሩን አውጥቼ ጠመንጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት። 1 ሜትር ከ26። አራት ሣንቲም ከምናምን የት ገባ? ግማሽ ሰዓት ከፈጀ በኋላ ገባኝ። ማተሚያው ሲያትም ምስሉን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ለማስማማት ትንሽ አሳንሶታል። እኔ «በትክክለኛ መጠኑ» ብዬ ነው ያዘዝኩት፤ የወጣውን ግን አልለካሁም። ከመቶ ሦስት እጅ አንሷል። እዚያ ላይ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግኩት ሲጨመር ቀለበቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ሰፋ። ሁለት ሚሊ ሜትር በወሬ ደረጃ ምንም ነው። ቀለበት ላይ ግን ብዙ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያለሁ አይደል?

በማግስቱ ጠመንጃውን በአንሶላ ጠቅልዬ ተመልሼ ሄድኩ። ወርቅ ሠሪው ምንም አላለኝም፤ ዝም ማለቱ ከስድብ ይብሳል። እንጨቱን ባንኮኒው ላይ አጋደመው። ቀለበቶቹን በመጋዙ ከፈተ፣ ከጠርዛቸው የጥፍር ስባሪ የምታክል ቆረጠ፣ ጫፎቹን አገናኝቶ በየደ። አጥልቆ አወጣ፣ በሞረድ ነካ አደረገ፣ መልሶ አጠለቀ። እንጨቱ ወደ አፈሙዙ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቀለበቱ ሲገፋ የራሱ ቦታ ላይ ሄዶ ይቆማል። ስድስት ጊዜ ያህል አወጣው፣ አስገባው። በመጨረሻ አንዲት «ጭጭ» የምትል ድምፅ ሰማሁ። እጁን አነሳ።

«በመዶሻ እንዳትመታው» አለኝ። «እንጨትም እንደ ጣት ነው። ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ክረምት ሲገባ ያብጥልሃል።» አንድ ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ትቶልኛል። በምን ልታውቅ ነው አትበሉኝ፤ ቤት ገብቼ በወረቀት ሞክሬዋለሁ።

ቀጥሎ ቀለም መጣ። ይሄኛውን ክፍል በጣም ነበር የጓጓሁለት።

እንጨቱን በምን ላጥቁረው ብዬ ብዙ ሞከርኩ። ኮምጣጤ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ዘፍዝፎ፣ እንጨቱን መጀመሪያ በወፍራም ሻይ ነክሮ፣ ከዚያ ያንን መቀባት የሚባል ዘዴ አለ። በሻዩ ውስጥ ያለው ጣኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩት፤ ዓይኔ እያየ ከሰል ሆነ። ተውኩት። በመጨረሻ ያዋጣኝ ቡና ነው። እናቴ ያፈላችውን አቦል አንድ ስኒ ለምኜ፣ ስኳር ሳይገባበት፣ በጨርቅ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። «ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንተ እንጨት ታጠጣለህ» ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታወራው ከረመች። ቡናው ሲደርቅ የተልባ ዘይት አሸሁበት። (ይሄን ለሚሞክር አንድ ነገር፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ አይጣልም፤ ሲደርቅ ራሱን አግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።)

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። ዘይቱ በደንብ ሳይደርቅ ቨርኒሽ ደረብኩበት፤ እንዲያበራ ብዬ። ቀለበቶቹን በጥርስ ሳሙና አሽቼ ወርቅ አስመሰልኳቸው። ማቀባበያውንና ምላጩን ከወይራ ቁራጭ ቀርጬ፣ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም ነፍቼ፣ በሱፐር ግሉ ለጠፍኳቸው። ሁሉም እኩል ያብረቀርቃል። በረንዳው ላይ ግድግዳ አስደግፌው ራቅ ብዬ አየሁት። ኮራሁ።

ከጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እኛ አባባ ነው የምንላቸው። አባታቸው በ1928 ማይጨው ዘምተዋል። ውጅግራቸው ልጅነታቸውን ሙሉ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እንደነበረ ደጋግመው ያወሩልናል። ጠርቼ አሳየኋቸው። ምርቃት ነበር የጠበቅሁት።

«ይሄ ቁምሳጥን ነው» አሉ።

ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ጠመንጃውን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ብድግ ብለው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት፤ አፈሙዙን በእጃቸው ወደ ፊት ይዘው፣ ሰደፉን ወደ ኋላ ጥለው። «አባቴ እንዲህ ነው የሚሸከመው። ማንገቻ ምናምን ለሰልፍ ነው። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ይዘህ ስትሄድ የትኛው ይነካል?» ጣታቸውን በትከሻቸውና በእንጨቱ መካከል አስገቡ። «እዚህ። ደግሞ እጅህ የያዘበት፣ እዚህ። አንተ ግን ሁሉንም እኩል ቀብተኸዋል። ሰው ነክቶት አያውቅም። ቀለበቱንስ ምነው ወርቅ አደረግኸው? የአባቴ ብረት ነበር፤ በቅቤ ያሹት ነበር።»

እኔ የፈረንሳይ ፎቶ ነበር ስመለከት የከረምኩት። ያ ጠመንጃ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ነው። እዚህ አገር መጥቶ፣ በእኛ ሰው ትከሻ ላይ ተጋድሞ ስንት ቀን የተጓዘው ሌላ ቦታው ነው የሚያልቀው። ይሄን የትም ገጽ ላይ አላነበብኩትም። ቀለበቱም ላይ ልክ ናቸው፤ የግራ ቀለበቶች ብረት ናቸው። ነሐሱ የሚገኘው ሳንጃው እጀታ ጫፍ ላይ ነው። ይሄን እንኳ አንብቤው ነበር። ነሐስ ስለወደድኩ ብቻ ነው ያለፍኩት።

ሌላም ነገር ሊያመልጠኝ ነበር። «ያረጀ ላስመስለው» ብዬ እጅ የሚነካውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ላነጣው ተነሳሁ። አባባ ሊሄዱ ሲሉ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። ሳቀብላቸው እጄ ላይ ያለውን አየሁት። መዳፋቸው የሚያርፍበት ጠቁሯል፤ አብረቅርቋል። ሌላው ቦታ ነው የነጣውና የሻከረው። ላብና ቅባት እንጨትን ያጠቁራል። ብረትን ደግሞ በተቃራኒው የእጅ ፍትጊያ ያነጣዋል። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ልሠራ ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ሄደ። ቨርኒሹን ሙሉ በሙሉ ፈግፍጌ አነሳሁት። ከዚያ ቡናና ዘይቱን እንደገና፣ ግን እኩል አይደለም፤ የሰደፉ አንገት ላይ አምስት ጊዜ፣ ትከሻ የሚነካው ላይ አራት፣ ሌላው ላይ አንድ። በመዳፌ አሸሁት፤ እውነተኛ ላብም ገባበት። ቀለበቶቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው። ነሐስ ካልተሻከረ ቀለም እንደ ጥሩ ልብስ አውልቆ ይጥላል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በጣም ለስላሳ እርሳስ ገዛሁ፤ ውስጡን በቢላ ፍቄ ዱቄት አደረግኩት፤ በጣቴ ጥቁሩ ቀለም ላይ አሸሁት። ይሄን ብታዩት ደስ ይላችኋል። ቀለም የነበረው ዓይናችሁ እያየ ብረት ይሆናል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጠንከር ሲያደርጉት ብልጭ ይላል፤ እጅ ሲነካው የኖረ ብረት። ጣቴ ለሦስት ቀን አልጠራም፤ ቢሮ ሰው «መኪና ገዛህ እንዴ?» ሲለኝ ነበር።

ማቀባበያውንና ምላጩን ግን አልነካኋቸውም። ተለጥፈዋል፣ ይዘዋል፣ ምን አደከመኝ ብዬ።

ልምምዱ ረቡዕ ነበር። ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ ከቤት ወደ ትምህርት ቤቱ በእግሬ ሄድኩ። በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ምን እንደሚመስል አላሰብኩም። ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«እንጨት ነው። ለድራማ።»

«እስቲ ፍታው።»

ፈታሁት። ሰውየው አንድ ጊዜ አየውና ፊቱ ተለወጠ። ድሮ ወታደር እንደነበረ ኋላ ነገረኝ፤ ባይነግረኝም እጁ ተናግሯል። ከእጄ ተቀበለ፣ አፈሙዙን ወዲያው ወደ ባዶው ግንብ አዞረ፣ ጣቱን ከምላጩ ውጭ አሳረፈ። ከዚያ ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ለማየት ማቀባበያውን ይዞ ሳበ።

ቀጭ።

ማቀባበያው እጁ ላይ ቀረ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። እሱ የደነገጠው ዕቃ ሰበርኩ ብሎ ነው፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እጄ ነው፣ ሳላስበው ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ልቤ በሁለት ነገር ተከፍሏል። ጠመንጃዬ ተሰብሯል። ግን ወታደር የነበረ ሰው፣ እጁ ላይ ይዞት፣ ለአንድ አፍታ አምኖታል! በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ስባሪውን ስገለብጠው ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል። ከግርጌው ላይ ጥፍር የምታክል ጥቁር የቀለም ልጣጭ ተጣብቃለች። ሱፐር ግሉው ሥራውን ሠርቷል፤ ቀለሙን አጥብቆ ይዟል። ቀለሙ ግን እንጨቱን አልያዘም። መጀመሪያ ቀብቼ ኋላ መለጠፌ ነው ጥፋቱ። መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይቀባል። ይሄን ማንኛውም አናጺ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ቀለሙን ለማየት ስለጓጓሁ ነው።

የዚያኑ ማታ ማቀባበያው ግርጌ ላይ ትንሽ ምስማር መታሁ፤ ራሱን በፒንሳ ቆርጬ ጫፉን በሞረድ አሾልኩት። ቀዳዳው ሌላኛው በኩል የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ጫፉን የእህቴን ሊፕስቲክ አስነክቼ ቦታው ላይ ጫን አደረግኩ። ቀይ ነጥብ ቀረ። ነጥቡ ላይ ከምስማሩ በትንሹ የሰፋ ቀዳዳ ሰረሰርኩ። ቀለሙን እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቅሁ፤ ኢፖክሲ ሞልቼ ገፋሁት። ሌሊቱን በጎማ ታስሮ አደረ። ጠዋት በማቀባበያው ይዤ ጠመንጃውን አንጠለጠልኩት። ንቅንቅ አላለም። ምላጩንም እንደዚሁ አደረግኩ፤ ሐሙስ ማታ ቀለሙንና እርሳሱን ጨረስኩ።

ዓርብ ድራማው ታየ። የእህቴ ልጅ ከጠመንጃው የሚረዝመው በጥቂት ጣት ነው፤ ማተሚያው የበላት አራት ሣንቲም ባትኖር ኖሮ ይብስ ነበር። ትከሻው ላይ እንደ አባባ አባት እንዲያጋድመው አስተምሬዋለሁ። መድረኩ ላይ ሲወጣ ያን ሁሉ ረስቶ ሰደፉን ሲሚንቶው ላይ እየጎተተ ገባ። ኪርርርር። መምህሯ ከመጋረጃው ጀርባ «አንሳው! አንሳው!» ትላለች። ያን ያህል ቅዳሜ የለፋሁበት ሰደፍ ታችኛው ጥግ ተፈልጦ፣ ውስጡ ነጭ ዋንዛ እየታየ ወጣ። ቀለበቶቹ ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ማቀባበያውም።

ጠመንጃው አሁን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ደወለችልኝ።

«ለመጪው ዓመት ከአሁኑ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለች። «ጠመንጃዋን ልጆቹ በጣም ወደዋታል። ሦስት ቢጨምሩልን። ደግሞ... መድፍ ይሠራሉ?»

አልሠራም አልኳት። ትናንት ግን ከቢሮ ስወጣ መንገድ ዳር የተጣለ የጋሪ ጎማ አየሁ። እንጨት ነው። ቆምኩ፤ ኪሴ ውስጥ ሜትር ነበረኝ።